አኖ እና ሁለት መርከቦች

ጳጳስ ሲባል ለእኔ የሚታየኝ መስቀልና ቡራኬ ነው። በመካከለኛው ዘመን ጀርመን ግን ሰውየው ከቅዳሴ ሲወጣ ቀረጥ ያስከፍላል፣ ለፍርድ ይቀመጣል፣ ሲያሻውም ጦር ያዘምታል። የኮሎኙ ሊቀ ጳጳስ አኖ 2ኛ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። (አንቱ ልለው ነበር፣ ሥራውን ሳነብ ተውኩት።)

የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1056 ነው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 3ኛ ሞተ፤ ዙፋኑ 6 ዓመት እንኳ ላልሞላው ልጁ ለሄንሪ 4ኛ ሲተርፍ እናትየዋ አግነስ ሞግዚት ሆነች።

በ1062 ራይን ዳር ካይዘርስቨርት ላይ ግብዣ ነበር። አኖ የ11 ዓመቱን ንጉሥ፣ ያስጌጥኩትን መርከብ ና እይልኝ ብሎ አግባባው። የትኛው ልጅ እምቢ ይላል? ገና እግሩን ከማስገባቱ ቀዛፊዎቹ መርከቡን ይዘውት እብስ አሉ። ልጁ ሊገድሉኝ ነው ብሎ ዘሎ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ውኃው ሊወስደው ሲል ኤክበርት የሚባል መስፍን ተከትሎት ዘሎ አወጣው፣ ከዚያም እያባበሉ ኮሎኝ አደረሱት። ልጁን የያዘ መንግሥቱን ያዘ። አግነስም ሥልጣኑን ለቀቀች።

ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ መርከብ መጣ። የ1074 ፋሲካ ነው። የአኖ እንግዳ የነበረው የሙንስተር ጳጳስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ የአኖ አሽከሮች የአንድ ሀብታም ነጋዴ መርከብ ላይ ወጥተው ዕቃውን አራግፉ ብለው አዘዙ። የነጋዴው ልጅ ጓደኞቹን ጠርቶ አባረራቸው። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፣ ግን ከተማው ቀድሞውኑ በአኖ ተማሮ ኖሮ ማታውን ቤቱን ወረሩት። ያመለጠው እንዴት መሰላችሁ? አንድ ቄስ በቅርቡ አስፈቅዶ የከተማውን ቅጥር በስቶ ለቤቱ የጓሮ በር አውጥቶ ነበር፤ አኖ በዚያ በር ሹልክ አለ።

በአራተኛው ቀን ጦር ይዞ ተመለሰ። የነጋዴውን ልጅና ጥቂት ሌሎችን ዓይናቸውን አስጠፋ። ላምፐርት የሚባለው የዘመኑ መነኩሴ 600 ነጋዴ አቤት ሊል ወደ ንጉሡ ሸሸ ይላል። ቁጥሩ የተጋነነ ይመስለኛል፣ ግን ንጉሡ ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ያ ራይን ውስጥ የዘለለው ልጅ።

አኖ ሊሞት ወራት ሲቀሩት ለተሰደዱት ምሕረት አደረገ፣ ንብረታቸውንም መለሰ። ዓይናቸው የጠፋውስ? በ1075 መጨረሻ ሞቶ ራሱ ባቋቋመው በዚግቡርግ ገዳም ተቀበረ። በ1183 ቅዱስ ተባለ።