«ምስኪን» እንዴት ቆንቋና ሆነ?

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። የባርሴሎና ደጋፊ ስለሆነ ስልኩ ላይ ስፓኒሽ ይማራል። (ባርሴሎናዎች ካታላን የሚባል የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ገና አልነገርኩትም።) ደሴ መጥቶ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ «ጋሼ፣ ስፓኞች ቆንቋናውን ሰው ‹ሜስኪኖ› ይሉታል፤ ከኛ ሰርቀው ነው እንዴ?» አለኝ።

ከኛስ አልሰረቁም። ቃሉ ግን ያው ምስኪን ነው። ወደ ስፔን የገባው ዐረቦች አንዳሉስን በያዙበት ዘመን ነው። ጣሊያኖችም ሜስኪኖ፣ ፈረንሳዮችም ሜስካን ይላሉ፤ ልቡ ጠባብ፣ እጁ የማይፈታ ለማለት።

ዐረብኛም ቢሆን አረማይክ በሚባለው ጥንታዊ ቋንቋ በኩል ያገኘው ነው። ሥሩ ባቢሎን ድረስ ይሄዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 አካባቢ በወጣው የንጉሥ ሐሙራቢ ሕግ «ሙሽኬኑም» የሚባል የሰው ደረጃ አለ፤ ከጌታው በታች፣ ከባሪያው በላይ። ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ ማለት ነው። ሐኪም በነሐስ ቢላ የጌታን ዓይን ካዳነ 10 ሰቅል ብር ይቀበላል (ሰቅል የጥንት ሚዛን ነው፤ ብሩም ማዕድኑ ነው)። ለሙሽኬኑም 5፣ ለባሪያ 2። ቢያንስ ሕክምና በግማሽ ዋጋ ነበረው።

ደሴ ላይ ቃሉ ሌላ መንገድ ይዟል። ቁርኣን ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ምስኪኖችን ይጠራል። እዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይለዋል። እንዲያውም ከገንዘብ ተላቋል። አባቷ ሚኒባሶች የሚያሰማሩ ልጅ እንኳ ክፋት ካላወቀች «ምስኪን ናት» ትባላለች።

ታዲያ የሌለው ሰው እንዴት የማይሰጥ ሆነ? የኔ ግምት፣ ስሙን ያወጣለት ሊሰጠው ይገባ የነበረው ሰው ነው። ደሃና ጌታ ሳይለይ ይበላበት የነበረ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት «አይጠየፍ» አዳራሽ ላለው ከተማ ልጅ ይሄ አይዋጥለትም።

እኛም ግን ንጹሕ አይደለንም። «ቋጣሪ» እንላለን። ሟች አያቴ ሳንቲሟን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥር ነበር። ሰኞ ገበያ ሽሮ እህል ስትሸምት ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታ፣ ቆጥራ፣ የተረፈውን መልሳ ታጠብቀዋለች። ቋጣሪ እያለ የሚያማት አንድ ጎረቤት ነበረን። ወሩ ሲገባደድ ብድር ፍለጋ በራችንን የሚያንኳኳውም እሱ ነበር።