ኮሰረቷ ቤት ገባች

መስቀል አለፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቀኑ ገና ሞቅ ይላል፣ ሌሊቱ ግን መብረድ ጀምሯል። እዚህ ሜሪላንድ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ በኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ ይመጣል። እኔ እስከዚያ አልጠብቅም። በሶብላ ከ10 ዲግሪ በታች ገና ሲሆን ቅጠሉ መጥቆር ይጀምራል።

ዛሬ መቀሴን ይዤ ጓሮ ወጣሁ፤ ከተክሎቼ ቀንበጥ ቆርጬ ቤት ውስጥ ላሳድግ ነው። የምመርጠው አበባ ያላወጣ ለጋ ቀንበጥ ነው፤ ያበበው ሥር ለማውጣት ይለግማል። 10 ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል። ከአንጓው ዝቅ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ሥሩ በቀላሉ የሚወጣው ከዚያ ነዋ። የታችኞቹን ቅጠሎች እመለምላለሁ። ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብስና ውሃውን ያገማዋል።

በሶብላ አያስቸግርም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በሳምንት በሁለት ሳምንት ሥሩ ይታያል። ጤና አዳምን አሸዋ በበዛበት አፈር እተክላለሁ። ስቆርጠው ጓንት አደርጋለሁ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ክፉኛ ይቃጠላል።

ልቤ ያለው ግን ኮሰረቷ ላይ ነው። ደረቁን ከሐበሻ ሱቅ ገዝቼ ቅቤ አነጥርበታለሁ፣ እርጥቡን ከየት አመጣለሁ? የሰጡኝ አንዲት እናት ናቸው፤ ለእሳቸውም ሌላ ሰው ነው የሰጣቸው። ከዘር የበቀለ ልጅ ነው። ከቀንበጥ የበቀለ ግን ራሱ ተክሉ ነው። የእኔዋ ኮሰረት ያቺው የእሳቸው ናት። አንድ ክረምት የእሳቸውን ብርድ መታባቸው። ከእኔዋ ቆርጬ ሥር አስይዤ ወሰድኩላቸው። «ልጄ፣ እንኳንም ሰጠሁሽ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከሚያስፈልገኝ በላይ ነው የምቆርጠው። የእኔ ብትሞት ሌላ ቤት ትኖራለች።

ቤት ውስጥም ስጋት አለ። ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ ያኔ ከቅጠሉ ሥር ጥቃቅን ተባይ ይፈላል። ቅጠሉን እየገለበጡ ማየት ነው። ዲሴምበር ላይ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ስለዚህ በደቡብ መስኮት ላይ የኤልኢዲ መብራት እጨምራለሁ። ውሃ ደግሞ እቀንሳለሁ። በክረምት ተክል የሚገድለው ከጥማት ይልቅ ውሃ ማብዛት ይመስለኛል።

የዘንድሮዎቹ ሥር ከያዙ አንዷ ቨርጂኒያ ለእህቴ ናት። አንዷ በቅርቡ ለወለደችው ጎረቤቴ። ሜይ ሳይገባ ወደ ውጭ እንዳያወጧት አደራ እላቸዋለሁ።