ሥራችሁ የት ነው ያለው?

ዛሬ ከሰዓት ኮምፒውተር ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። «ቲቸር፣ አለቀልኝ።» ፍላሿን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ ስትመለስ ፎልደሮቿ በሙሉ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ብቻ ሆነዋል። እያንዳንዱ ላይ ያቺ ትንሽ ቀስት ተለጥፋለች። የሴሚስተሩ አሳይመንት ሁሉ እዚያው ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። «ፎርማት አድርጊው» ተብላለች፤ ያለውን ሁሉ አጥፊው ማለት ነው።

ደግነቱ አላደረገችውም። ይሄ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም፣ ይደብቃል። እውነተኛውን ፎልደር ይሰውርና በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትከፍተው ፎልደሩ ይከፈትልሃል፤ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ምንም ሳንነካ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተን «አትሪብ» በምትባለው ትእዛዝ መደበቂያውን አነሳን። ፎልደሮቹ ወጡ። ጽሑፎቿን ብቻ ቀድተን በአንቲቫይረስ ፈተሽን። ፍላሹን ፎርማት ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው።

እሷ እፎይ አለች። እኔ ግን ሐሳብ ገባኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመሩም አሉ። ሥራችሁ የት ነው ያለው ስላቸው ግን «ፍላሼ ላይ»፣ «ዴስክቶፕ ላይ» ነው መልሳቸው። የአንድ ዓመት ልፋት ኪስ ውስጥ በሚጠፋ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ሳይ ያመኛል።

ኢንተርኔት ላይ ፋይል የሚቀመጥበት ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል። ዳታ ውድ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ግን የዎርድ ፋይል ብዙ ጊዜ ከአንድ አጭር ቪዲዮ ያነሰ ነው። ቴሌግራም ላይ ለራሳቸው የሚልኩም አሉ፣ ጥሩ ነው። ብቻ «የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» ላለ ሰው ኮዱን ከሰጡ አካውንቱም ፋይሉም ሄደ። ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የቴሌግራም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በፈረንጆቹ 2015 የመጣ ነው፤ ከልጆቼ ያበሩት ጥቂት ናቸው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ፍላሽ ይዞ መሄድ ይቅር። ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይቻላል። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፤ በድሮ ፎንት የተጻፈ ዎርድ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተተረማምሶ ይወጣል። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞት ይሄዳል።

መብራትማ መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል። ዎርድ ካልቀየሩት በቀር ድንገት ሲዘጋ ጽሑፉን የሚመልስበትን ማገገሚያ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው። በ10 ደቂቃ ስንት ነገር ይጻፋል! አንድ አንቀጽ ባለቀ ቁጥር ሴቭ ለማድረግ ኮንትሮል ኤስ የምትጫን ጣት ነው የምመኝላቸው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አዲስ ፕሮግራም አልጀምርም። የፋይል ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ዓይነቱን የሚናገረው የስሙ መጨረሻ፣ እንዲታይ እናደርጋለን፤ የፎልደር መልክ ለብሶ የሚመጣውን ኤግዚ ፋይል (ሲከፈት የሚነሳ ፕሮግራም ነው) በዓይናቸው ይለዩት። ከዚያ ሁሉም የራሱን ሥራ ሁለተኛ ቦታ ያስቀምጣል፣ ከሌላ ኮምፒውተር ከፍቶም ያሳየኛል። ሳይከፍት የሚወጣ የለም።