በአንድ ዓይን

ካፊያው ከሰዓት ጀምሮ አላቋረጠም። ሆዴ ባር ባር ሲለው ዋለ። እንዲህ ሲሆን እርሳስ ማንሳት ለምጃለሁ። ዛሬም ሲኒ ሳልኩ።

ሲኒ ቀላል ይመስላል። አይደለም። አፉ ክብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እጄ ክብ ይስላል። ረከቦት ላይ ሆኖ ሲታይ ግን ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። ከፍ ብዬ ሳየው ይከፈታል። ጎንበስ ስል እየጠበበ ሄዶ፣ ዓይኔ ከጠርዙ ጋር እኩል ሲሆን አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ሦስት ሳምንት የታገልኩት ከዚህ ጋር ነው። የማውቀውን ትቼ የማየውን መሳል።

ገጹን በሲኒ አፍ ሞልቼ ቀና ስል እማዬ ቶናውን እየቀዳች ነበር። በጎን አየኋት። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ፤ ሁሉም በአንድ መስመር ይወርዳል። በጎን መሳል ይቀላል፤ ዓይኑም አንድ ብቻ ነው። ጀመርኩት። አፍንጫዋ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ትዝ አለኝ። በጥንቱ አሣሣል ቅዱሳኑ ሁለት ዓይን አላቸው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣንና ክፉዎቹ ናቸው። ይህን በልጅነቴ ያሳየችኝ ራሷ እማዬ ናት፣ እጄን ይዛ። እና እሷን በአንድ ዓይን? ላጲስ አነሳሁ።

ከፊት ለፊት ሞከርኩ። ዓይን የሚያርፈው ከራስ ቁመት መሃል ላይ ነው፤ ጀማሪ ወደ ግንባር ይሰቅለዋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ ዓይን የሚያህል ክፍተት አለ። ልኩን ጠብቄ ሳልኩ። ልኩ ልክ ነው። እሷ ግን አይደለችም።

ለካ ፊቷን ትክ ብዬ አይቼው አላውቅም። ትልቅ ሰው ላይ አይፈጠጥም ተብለን አይደል ያደግነው? ስትመክረኝ መሬት መሬት አያለሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሁሌም ከጎኗ ነኝ። እጇን በጨለማም እስለዋለሁ፤ ጣቷ ላይ ያለችውን የቢላ ጠባሳ ሳይቀር። ዓይኗን ግን...

አሁን ተኝታለች። አንደኛው ዓይኗ ከሌላው ትንሽ ዝቅ የሚል ይመስለኛል።

ግራው ነው ወይስ ቀኙ?