ቤ እና ቢ አንድ መስለውኝ

ስቶክሆልም ውስጥ በትርጉም ሥራ ነው የምተዳደረው፣ ከስዊድንኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ አብዛኛው የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የልደት ሰርተፊኬት ምናምን ነው። አምና ታኅሣሥ አካባቢ ግን አንድ የፒያኖ ተማሪ ለንደን ማስተርስ ሊያመለክት ነው ተብሎ ትራንስክሪፕቱና የምረቃ ኮንሰርቱ ፕሮግራም መጣልኝ፣ በድምሩ ስድስት ገጽ። ሙዚቃ አልተማርኩም፣ ግን ልጅ ሆኜ ኳየር ውስጥ ኪቦርድ ነካ ነካ አደርግ ስለነበር ይሄማ ምን አላት አልኩ።

የፈራሁት ትልልቆቹን ቃላት ነበር። "ሆግስኩላ" ቃል በቃል ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስለሆነ ሃይስኩል ብሎ የሚተረጉም ሞልቷል፣ ልጁ ስንት ዓመት ለፍቶ ባችለር ይዞ ሃይስኩል የጨረሰ ሊያስመስሉት። የስቶክሆልሙ ትልቁ የሙዚቃ ሆግስኩላ እንኳን ራሱን በእንግሊዝኛ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚዩዚክ ነው የሚለው፣ እኔም ኮሌጅ ብዬ አለፍኩ። ክሬዲቱ ቀላል ነው፣ የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ነጥብ፣ ባችለር 180፣ ከአውሮፓው ጋር አንድ ነው። "ብሩክስፒያኖ" የምትል ኮርስ ላይ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ አልኩ። መድረክ ላይ የሚቀርብ ፒያኖ አይደለም፣ የሥራ ፒያኖ በሉት፣ አስተማሪ ኮርድ እያየ ክፍል ውስጥ የሚዘፍኑትን ልጆች የሚያጅብበት ዓይነት። ፋንክሽናል ፒያኖ አልኩት፣ እስካሁን ጠብ አይልልኝም።

ፕሮግራሙ ደግሞ ዱርና ሞል ብቻ ነው። ዱሩ ጫካ፣ ሞሉ ዕቃ የሚገዛበት እንዳይመስላችሁ፣ ሜጀርና ማይነር የሚባሉት የሙዚቃ ቅኝቶች ናቸው። ሾፓን፣ ሶናታ፣ "ቤ ሞል" ይላል፣ ቢ ማይነር ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የባኽ ፕሬሉድና ፉጋ አለ፣ "ሆ ሞል"፣ ሆ ማለት በስዊድንኛ ኤች ፊደል ስለሆነ ኤች ማይነር ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ ኤች የሚባል ኖታ ነክቼ አላውቅማ፣ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ዴድላይኑ ጠዋት።

ሦስት ሰዓት ላይ ልጁ ራሱ ደወለ፣ በጨዋ ደንብ። "የማልጫወተውን ሶናታ ነው የጻፍክልኝ" አለኝ።

ለካ በስዊድንና በጀርመን ክላሲካል አጻጻፍ ቤ የሚባለው እንግሊዞች ቢ ፍላት፣ ማለትም ከቢ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ የሚሉት ነው፣ የእንግሊዞቹ ቢ ደግሞ እዚህ ሆ ነው። (ባኽ የገዛ ስሙን አራት ፊደል በኖታ መጻፍ የቻለው በዚችው ሆ ነው አለኝ።) ጉዱ ደግሞ ሾፓን በሁለቱም ሶናታ አለው፣ ሁለተኛው፣ ያ የቀብር ማርሽ ያለበት፣ ኦፐስ (የድርሰቱ ቁጥር) 35፣ ቢ ፍላት ማይነር፣ ሦስተኛው ኦፐስ 58፣ ቢ ማይነር። 35 የሚለው ቁጥር እዛው መስመር ላይ አፍጥጦ ያየኛል፣ እሱን በትክክል ገልብጬ ኖታውን አበላሸሁት። ይባስ ብሎ ስዊድን ውስጥ ፖፕና ጃዝ የሚጫወቱት ዛሬ ዛሬ እንደ እንግሊዞቹ ነው የሚጽፉት፣ ስለዚህ ያቺን ፊደል ሳይ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው የማን ወረቀት ነው ብዬ ነው።

ኤች ማይነሩ ላይ ግን ሳቁን መያዝ አልቻለም። ስልኩን ሳይዘጋ ፒያኖው ጋ ሄዶ ሁለቱን ኖታ እያፈራረቀ ነካልኝ፣ ቤ፣ ሆ፣ ቤ፣ ሆ፣ ጎን ለጎን ያሉ ጥቁርና ነጭ ቁልፎች። በአንድ ሰዓት አስተካክዬ ላኩለት፣ ለእርማቱ ኢንቮይስ አላወጣሁም። ኳየር እያለን ቢ የምንለው ነጩን ነበር።