ሁለት ሞተር ሳይክል ላለው ሰው የሚቀል መድን
በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን (ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው) ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ለየብቻ የሚገባ በመሆኑ፣ እንደ እኔ አንዱን ለሥራ፣ ሌላውን ለእሑድ መንሸራሸሪያ የያዘ ሰው ሁለቱንም በአንድ የምስክር ወረቀት ሊሸፍን አይችልም። ይህ ግዴታ ስለሆነ ክርክር የለውም፤ ገንዘብ የሚቆጠበው ከዚያ በላይ፣ ለሞተሩ ለራሱ በሚገዛው ሽፋን ላይ ነው። ከለገሃር እስከ ስታዲየም ባሉት የመድን ቢሮዎች መጀመሪያ የሚነገረኝ የአንዱ ሞተር ዋጋ በሁለት ተባዝቶ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ስም ተይዘው በአንድ ቀን እንዲታደሱ ጠይቄ ቅናሽ ሳነሣ ግን ሠራተኛው ካልኩሌተሩን እንደገና ይስባል። አሮጌው ብዙውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ስለሚቆም ሙሉ ሽፋን አልገዛሁለትም፤ በየዕለቱ የምነዳው ግን በፒያሳ ዳገት ሚኒባሱ ሁሉ እየታከከው የሚያልፍ ስለሆነ ይገባዋል። አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ለማሳነስ ሲባል የሞተሩን ዋጋ ከገበያው በታች ማስመዝገብን ፈጽሞ አልመክርም፤ ጉዳት ሲደርስ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳልና። ከዚህ ይልቅ በጉዳት ጊዜ ባለንብረቱ ከኪሱ የሚሸፍነውን ድርሻ ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ከመፈረም በፊት ግን ስርቆት መካተቱንና ሌላ ሰው ሲነዳውም ሽፋኑ መጽናቱን ከውሉ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።