የስጋት ደረጃው ከፍ ብሎ ሲሰነብት፦ ፖሊሶችን ዕቅድ ያስተማርኩበት መንገድ

በዋሽንግተን ዙሪያ ያለ አንድ የካውንቲ (ከክልል በታች ያለ አስተዳደር) ፖሊስ፣ የሽብር ስጋት ደረጃ ሲቀያየር የሰው ኃይሉን እንዴት እንደሚያሰማራ እንዳሠለጥን ተጠይቄ ነበር። አንድ ነገር ዘለልኩ፤ ዋጋውን የከፈሉት ፖሊሶቹ ናቸው። ያኔ የሚያስጠነቅቀኝ ባገኝ ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ፣ ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው እጽፋለሁ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 ያወጣችው የሽብር ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ ከዝቅተኛው ስጋት ወደ ከፍተኛው፣ አምስት ቀለም ነበረው፦ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። መመሪያው የሚያስገድደው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነበር፤ ለክልልና ለከተማ ፖሊስ ምክር ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን አንቀጽ በመጀመሪያው ሰዓት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ብዙ አዛዦች ቀለሙ በተቀየረ ቁጥር ግዴታ የተጣለባቸው እየመሰላቸው ሰው ያባክኑ ነበር።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። 24 ሰልጣኝ፣ 6 ጠረጴዛ፣ 2 ቀን። በየጠረጴዛው አንድ የፈረቃ ኃላፊ፣ ከሬዲዮ መገናኛ ክፍል አንድ፣ ከጎረቤት ፖሊስ ወይም ከእሳት አደጋ አንድ፣ ከበጀት ክፍል አንድ። የበጀቱን ሰው እንዳትረሱ። የከተማውን ካርታና የዚያን ሳምንት እውነተኛ የፈረቃ ዝርዝር አስመጡ፤ ለልምምድ ተብሎ የተፈጠረ ዝርዝር ላይ ሁሉም ሰው ጤነኛ ነው፣ ፈቃድ የወጣም የለም።

የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ዕቅዳችን «ብርቱካናማ ሲታወጅ በቁልፍ ቦታዎች ሁሉ ጥበቃው እጥፍ ይሁን» ይል ነበር። የቁልፍ ቦታዎቹ ዝርዝር ደግሞ 23 ነበር፦ የውኃ ማጣሪያው፣ ባቡር ጣቢያው፣ ፍርድ ቤቱ እያለ ይቀጥላል። በልምምዱ ላይ ደረጃው ከፍ አለ፣ ስልኮች ተደወሉ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ቦታ ሰው ተመደበለት። እኔም «ተሳክቷል» ብዬ ዘጋሁት። የፈተንኩት ደረጃው ሲወጣ ብቻ ነው። ከፍ ብሎ ሲሰነብትና ሲወርድ ምን እንደሚሆን አልፈተንኩም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2004 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ቶም ሪጅ በኒው ዮርክ፣ በሰሜን ኒው ጀርሲና በዋሽንግተን ለፋይናንስ ተቋማት ብርቱካናማ አወጁ። ዋሽንግተን ውስጥ በስም የተጠሩት የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ናቸው። ደረጃው የወረደው ኅዳር 10 ነው፤ ከሦስት ወር በላይ ቆየ ማለት ነው። የእኛ ዕቅድ አንድም ቦታ ላይ «ስንት ቀን» የሚል ቃል አልነበረውም።

ስሌቱን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። አንድ የጥበቃ ቦታ ሌት ተቀን ሲጠበቅ በሳምንት 168 ሰዓት ይበላል። አንድ ፖሊስ በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራል፤ በዓመት 2,080። ከዚያ ላይ ዓመት ፈቃዱን፣ ሕመሙን፣ ሥልጠናውን፣ ለምስክርነት ፍርድ ቤት የሚውልበትን ስትቀንሱ 1,700 ገደማ ይቀራል። የዓመቱ 8,760 ሰዓት ለ1,700 ሲካፈል ከ5 ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ከ5 በላይ፣ ሁለት ሰው የሚቆምበት ከ10 በላይ ፖሊስ ይፈልጋል። 23 ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ሰው ለማቆም ከ230 በላይ ፖሊስ ያስፈልጋል፤ መሥሪያ ቤቱ ያን ያህል ሰው አልነበረውም።

ሲበላሽ በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ፈቃድ ይሰረዝና ፈረቃው 12 ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሳምንት ያህል ይሄዳል። ቀጥሎ ከሌሊት ፈረቃ የወጣው ፖሊስ ጠዋት ፍርድ ቤት ይጠራል፣ ሳይተኛ ማታ ይመለሳል። ከዚያ መርማሪዎች መዝገባቸውን ትተው በር ላይ ይቆማሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ በሕመም የሚቀረው ይበዛል፤ ሁለት ሰው የነበረበት ቦታ ላይ ማንም ሳያዝ አንድ ሰው ይቀራል፣ መዝገቡ ግን አሁንም «ሁለት» ይላል። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አለ የተባለ ጥበቃ በቦታው አልነበረም። ከበላይ የሚመጣው ወረቀት ደግሞ «ንቃታችሁን ከፍ አድርጉ፤ እስከሚቀጥለው ማሳሰቢያ ድረስ» ከማለት አያልፍም ነበር። ምን እንደሚደረግም፣ እስከ መቼ እንደሆነም አይናገርም። ደረጃው ሲወርድም የማውረድ ትእዛዝ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ስላልተጻፈ አንዱ ጣቢያ በ12 ሰዓት ፈረቃ ቀጠለ፣ ሌላው በማግስቱ አቆመ።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱን እንዲህ አደርጋለሁ። ደረጃው ከፍ ያለበትን ዜና ከንጋቱ 11፡40 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ላይ እሰጣለሁ፤ ፈረቃ የሚቀየረው 12 ሰዓት ነው። ከፈረቃ የሚወጣውና የሚገባው ኃላፊ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ትእዛዙ መሀል ላይ ይጠፋል፤ ይህን ልምምዱ ላይ ቢያዩት ይሻላል። ከዚያ ሰዓቱን ወደ 10ኛው ቀን፣ ወደ 30ኛው ቀን እገፋለሁ፤ በየጊዜው ከዝርዝሩ ላይ ሰው እየሰረዝኩ «ማንን ከየት ታነሣላችሁ?» እላለሁ። መጨረሻ ላይ ደረጃውን አወርዳለሁ። ለማውረዱ ሙሉ ግማሽ ቀን ስጡት።

እርምጃዎቹን በሁለት ክፈሉ። ሰው የማይበሉት በመጀመሪያው ሰዓት ይፈጸሙ፦ የስልክ ዝርዝር ማረጋገጥ፣ የሬዲዮ ባትሪ መሙላት፣ የመኪና ነዳጅ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ማድረግ፣ የቅኝት ሰዓትና መንገድ መቀያየር። ሰው የሚበሉት ግን አንድ በአንድ ይመረጡ። የቀለሞቹ መመሪያ በየቀለሙ ሥር እርምጃዎችን እንደ መሰላል ይደረድር ነበር፤ እኔ አልስማማም። ስጋቱ ባንክ ላይ ከሆነ የውኃ ማጣሪያውን በር እጥፍ ማድረግ ምን ይጠቅማል? ከ23ቱ 5ቱን ብቻ በቋሚነት አስጠብቁ፤ የቀሩትን በማይገመት ሰዓት ለ20 ደቂቃ እየቆሙ መጎብኘት ይበቃል።

እንግሊዞች የስጋቱን ደረጃና የሚወሰደውን እርምጃ ደረጃ ለየብቻ ያስቀምጣሉ፤ ይህን ወድጄዋለሁ። በማንቸስተር የኮንሰርት አዳራሽ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2017፣ ወደ መጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ወጡ፤ ግንቦት 27 አወረዱት። ከእሱ በታች ያለው ደረጃ ግን ከነሐሴ 2014 እስከ ኅዳር 2019፣ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ከፍ ከማለቱ በቀር፣ አልተነሣም። የሚያደክመው እንዲህ የሚሰነብተው ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2011 ቀለሞቹን ትታ ማስጠንቀቂያው ላይ የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ ጀመረች።

ደረጃው ከፍ ሲል «አጠራጣሪ ሰው አየሁ» የሚል ስልክ ይበዛል። የመገናኛ ክፍሉ ሰው መጀመሪያ «ምን ሲያደርግ አዩት?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ ስለ መልኩ አይጀምር። ዋሽንግተን ላይ ደግሞ የሕንፃ ፓርኪንግ የሚጠብቁትና ታክሲ የሚነዱት ብዙዎቹ የእኛ አገር ሰዎች ናቸው። የቱ መኪና ያለ ወትሮው እንደቆመ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ፖሊሱ በሰላሙ ጊዜ ሰላም ብሏቸው፣ ስልኩን ሰጥቷቸው ካልሄደ ግን ደውለው አይነግሩትም።

የትርፍ ሰዓት ክፍያን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በተለየ መለያ ቁጥር መዝግቡ፤ ከወር በኋላ ከደመወዝ መዝገብ ላይ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም።

አሁን እያንዳንዱ እርምጃ በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል፦ ማን ይፈጽማል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይበላል፣ ለእሱ ሲባል የትኛው ሥራ ይቆማል፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ያበቃል፣ ማን ያነሣዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ባዶ ከሆኑ የመገናኛ ክፍሉ ሳጅን ትእዛዙን በሬዲዮ አያስተላልፍም፤ ካርዱን ለአዛዡ ይመልሳል።